የአረጋውያንን አመጋገብ ማጥናት እፈልጋለሁ፤ ይህ ሥራ ይሆናል?

ጥያቄ፦ «ሰላም ለእርስዎ። ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ በሥነ ምግብ ባለሙያነት እሠራለሁ። የመጀመሪያ ዲግሪዬን ከያዝኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ቀኑን ሙሉ የማየው ሕፃናትንና ነፍሰ ጡሮችን ነው። እኔን የሚስበኝ ግን የአረጋውያን ነገር ነው። ምግብ እርጅናን እንዴት እንደሚያከብደውና እንደሚያቀለው መመራመር እፈልጋለሁ። ጓደኞቼ ‹እዚህ አገር ለዚህ ማን ብር ይሰጥሻል? ላቦራቶሪስ የት አለ?› ይሉኛል። ኬሚስትሪም ብዙ አልገፋሁም። እውነት ይህ እንጀራ የሚሆን ሙያ ነው? ከሆነስ ከየት ልጀምር?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ አዎ፣ ሙያ ነው። ውጭ አገር ሙሉ ዕድሜያቸውን የሰጡለት ሰዎች አሉ። ቦስተን ውስጥ በተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሥራው ይኸው ብቻ የሆነ ትልቅ የምርምር ማዕከል አለ። እኛ ጋ ግን ሜዳው ገና ባዶ ነው ማለት ይቻላል። የሚሻማሽ የለም፤ መንገድ የሚያሳይሽም እምብዛም የለም። ጓደኞችሽ ስለ ብሩ ያሉሽ እውነትነት አለው። ስለ ላቡ ያሉሽን ግን አልቀበልም። እዚህ አገር ከላቡ በፊት የጠፋው አረጋዊን ሰው በትክክል መለካት የሚችል ባለሙያ ነው። ምላሼ ረዘም ይላል፤ አብዛኛው በዚሁ ዙሪያ ነው።

ሜዳው ለምን ባዶ ሆነ? የአገራችን የሥነ ምግብ ምርምር የተወለደው ከሕፃናት ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 በስዊድን እርዳታ የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል ተከፈተ። በ1968 አድጎ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ። ፋፋን የሰጠን እሱ ነው። በእኔ ዘመን ካደገ ሰው ፋፋ ያልቀመሰ ብታገኚ ይገርመኛል። ከዚያ በኋላም አቅጣጫው አልተለወጠም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የመንግሥት የሰቆጣ ቃል ኪዳንም የሚያወራው ስለ ሕፃናት መቀንጨር ነው። ይህን የምለው ለማማረር አይደለም። ሕፃን በርሃብ እየሞተ ስለ ሽማግሌ ጡንቻ የሚያወራ ሰው ጤነኛ አይመስልም ነበር።

መዘዙ ግን ዛሬም አለ። መንግሥት በየጊዜው የሚያስጠናውን ትልቁን የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ታውቂዋለሽ። ሴቶችን ከ15 እስከ 49፣ ወንዶችን ከ15 እስከ 59 ዓመት፣ ሕፃናትን ደግሞ እስከ 5 ዓመት ይጠይቃል፣ ይመዝናል። ሴት ልጅ 50 ከሞላት በኋላ ከዚያ መዝገብ ትወጣለች። ከሳች፣ ደም አነሳት፣ የሚቆጥራት የለም። እናትሽ እዚያ ውስጥ የሉም፤ አያትሽማ ጭራሽ። ስለዚህ አንቺ ፕሮፖዛል ስትጽፊ «ችግሩ ምን ያህል ነው?» የሚለው የመጀመሪያው ገጽ ላይ ትጨነቂያለሽ። ከልምድ ነው የምነግርሽ፤ ገምጋሚዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱኑ ነው።

አንድ ነገር ቀድመን እናጥራ። ይህን ዘርፍ ዕድሜ የማስረዘም ሳይንስ አድርገው የሚያስቡት ብዙ ናቸው። ቲክቶክ ላይ 100 ዓመት የሚያኖር ቅጠል የሚሸጠው ሰው ሁሉ ከእኛ ወገን ይመስላቸዋል። ሥራው ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ሪፖርት መለኪያ ያደረገው ሰው በስተርጅና የሚወደውን ነገር ማድረግ መቻሉን ነው። የተባበሩት መንግሥታትም ከ2021 እስከ 2030 ያሉትን ዓመታት የጤናማ እርጅና አሥርት ብሎ ሰይሟቸዋል። ወደ እኛ ቤት ስናመጣው፦ እማማ የሰው ክንድ ሳይዙ ከበርጩማ ይነሳሉ? ገብርኤል ድረስ በእግራቸው ሄደው ይመለሳሉ? ቡናቸውን ራሳቸው ያፈላሉ? አንቺ የምታጠኚው የሚበሉት ነገር ከዚህ ጋር ምን እንዳገናኘው ነው።

እዚህ ላይ ጡንቻ ይመጣል። ዕድሜ ሲገፋ ጡንቻ ይሳሳል፣ ጉልበትም አብሮ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1989 ኧርዊን ሮዘንበርግ የተባሉ አሜሪካዊ ሳርኮፔኒያ አሉት። ከዚያ ወዲህ ሐኪም የሚመረምረው፣ ተመራማሪ የሚለካው ነገር ሆኗል። ጡንቻ ደግሞ ፕሮቲን ይፈልጋል። ለአዋቂ ሰው በቀን የተቀመጠው ልክ ለአንድ ኪሎ ክብደት 0.8 ግራም ፕሮቲን ነው። በ2013 ጉዳዩን የመረመረ የባለሙያዎች ቡድን ከ65 ዓመት በላይ ላሉት ከ1.0 እስከ 1.2 ግራም ይሁን አለ። 50 ኪሎ ለሚመዝኑ እናት በቀድሞው ልክ 40 ግራም፣ በአዲሱ ከ50 እስከ 60 ግራም መሆኑ ነው። አንድ እንቁላል ወደ 6 ግራም ነው ያለው።

አሁን የሲዳማን ገበታ አስቢ። ቆጮ ያጠግባል፣ ጉልበትም ይሰጣል። ፕሮቲኑ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ስለዚህ ጥያቄው ከጎኑ ምን ቀረበ የሚለው ነው። ቦሎቄ አለ? ወተት አለ? ወተቱ ለልጆች፣ ሥጋው ለአባወራው ከሄደ ለአያት ምን ተረፈ? ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ሄደሽ ስታዪ ዓሣ ሞልቷል። ጥርሳቸው ያለቀ አዛውንት ግን ሥጋውን ከአጥንት መለየት ይቸግራቸዋል፤ «ይቅርብኝ» ብለው የሚተዉት ስንት ይሆኑ? ጥርስም የሥነ ምግብ ጥያቄ ነው። በአንድ ቤት ውስጥ ማን ምን ያህል ፕሮቲን እንደሚደርሰው መለካት ብቻውን ጥሩ የማስተርስ ጥናት ይወጣዋል። ላብም አይፈልግም።

የሙያው ባሕርይ ከታሪኩ ይታያልና ትንሽ ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ1935 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ክላይቭ ማኬይ ለአይጦች የሚሰጠውን ምግብ ቀነሰ፤ ቫይታሚንና ማዕድን ግን አላጎደለም። እንደልባቸው ከበሉት ይልቅ የተቆጠበባቸው ረዘም ያለ ዕድሜ ኖሩ። ሰው ላይስ ይሠራል? ይህን ማወቅ ከባድ ነው፤ ሰው ረጅም ይኖራል፣ ተመራማሪው ይቀድመዋል። ስለዚህ ወደ ጦጣ ሄዱ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ገደማ ሁለት ቡድኖች ጀመሩ፤ አንዱ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ፣ ሌላው የአሜሪካ መንግሥት የእርጅና ኢንስቲትዩት። ሁለቱም ከ20 ዓመት በላይ ጠበቁ። በ2009 ዊስኮንሲን «ምግብ መቀነስ ይጠቅማል» አለ። በ2012 ሌላው «ዕድሜ አላራዘመም» አለ።

ሰው ሁሉ ግራ ገባው። ቀስ ተብሎ ሲታይ ልዩነቱ የነበረው የጦጣዎቹ ሰሐን ላይ ነው። የዊስኮንሲኖቹ ምግብ ስኳር የበዛበት ነበር፤ ለማወዳደሪያ የተያዙትም እንዳሻቸው ይበሉ ነበር። የሌላው ቡድን ማወዳደሪያ ጦጣዎች ደግሞ የተሻለ ምግብ፣ ያውም በልክ፣ ነበር የሚቀርብላቸው። ድሮውንም ቁጥብ ከሆኑት ጋር ተወዳድሮ ልዩነት ከየት ይምጣ? በ2017 ሁለቱ ቡድኖች መረጃቸውን ጎን ለጎን አድርገው አንድ ጽሑፍ አብረው አወጡ። ይህ ነገር ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። እኛ ጋ ቢሆን ሰላምታውም ይቋረጥ ነበር። «ከምን ጋር ሲወዳደር?» ብሎ መጠየቅ የለመደ ተማሪ ውድ ማሽን ከሚያውቅ ተማሪ እንደሚሻል የማምነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሰው ላይም ተሞክሯል። 218 ሰዎች በተሳተፉበት ካለሪ በሚባለው ጥናት 143ቱ ለሁለት ዓመት ምግባቸውን በ25 በመቶ እንዲቀንሱ ታስቦ ነበር። መቀነስ የቻሉት ግን በአማካይ 12 በመቶ ገደማ ነው። ሰው ናቸዋ!

ከሁሉ በላይ ለእኛ አገር የሚጠቅመው ታሪክ ግን የስፔኑ ፕሬዲሜድ ነው። ከ7 ሺህ 400 በላይ ሰዎች ተሳትፈውበታል። የወይራ ዘይት ወይም ለውዝ የተጨመረበት የሜዲትራኒያን አመጋገብ የልብና የደም ሥር በሽታን እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሞ ዓለም አወራለት። በ2018 ጸሐፊዎቹ ራሳቸው ጽሑፉን አንስተው እንደገና አሳተሙት። ምክንያቱ? በዕጣ መመደብ የነበረባቸው ሁሉ በዕጣ አልተመደቡም። አንዳንድ ቦታ ባልና ሚስት አንድ ላይ ተመድበዋል። አንድ ቦታ ደግሞ መላው ክሊኒክ አንድ ዓይነት ምግብ ተሰጥቶታል። እንደገና ሲተነተን ውጤቱ ብዙም አልተለወጠም፤ አነጋገራቸው ግን ረገብ አለ።

እስቲ ይህን ወደ ሐዋሳ አምጪው። ቤተሰቡ ሁሉ አንድ ትሪ ከቦ ይበላል። አንቺ እማማን ብቻ ነጥለሽ በቀን አንድ እንቁላል ልትሰጪ ነው። ገና ከግቢው ሳትወጪ እንቁላሉ የልጅ ልጅ አፍ ውስጥ ገብቷል። እማማም ልክ ናቸው፤ የትኛዋ አያት ናት ልጅ እያየ ብቻዋን የምትበላ? ስለዚህ እዚህ ዕጣ የሚወጣው በሰው ሳይሆን በቤት ወይም በቀበሌ ነው። ያ ደግሞ የናሙናሽን ብዛት ከፍ ያደርገዋል፣ በጀቱንም እንደዚያው። ፕሮፖዛል ላይ ይህን ቀድሞ ያሰበ ሰው ወዲያው ይታወቃል።

አሁን ወደ መለካቱ። እዚህ ላይ ዘግየት ልበል፤ ሰው እንደ ቀላል የሚያልፈው ይህንን ነው።

መጀመሪያ ዕድሜ። «እናቴ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?» ስትዪ «እንጃ ልጄ፣ 70 ሳይሞላኝ አይቀርም» ይሉሻል። መታወቂያው ላይ ያለውም ግምት ነው። ዳታሽን ስትከፍቺው ሕዝቡ 60፣ 70 እና 80 ላይ ተከምሮ ታገኚዋለሽ። መፍትሔው የታሪክ መቁጠሪያ ማዘጋጀት ነው። ጣሊያን ሲወጣ ተወልደው ነበር? ሐዋሳ ስትቆረቆር ምን ያህል ልጅ ነበሩ? አብዮቱ ሲፈነዳ አግብተው ነበር? መቁጠሪያውን ከአካባቢው ሽማግሌዎች ጋር ቁጭ ብለሽ አውጪው። ከአዲስ አበባ የመጣ ቅጽ ላይ ያለው ክስተት ለሲዳማ ገጠር እናት ምንም ላይነግራት ይችላል።

ቁመትም እንዲሁ ነው። ወገቡ የጎበጠን ሰው ግድግዳ አስደግፈሽ ብትለኪው ቁመቱ ያንሳል፤ ቁመቱ ሲያንስ ከክብደቱ ጋር የሚሰላው ቁጥር ከፍ ይላል፤ የከሳው ሰው ደህና ሆኖ ይመዘገባል። ስለዚህ ጉልበትን በቀጥታ ማዕዘን አጥፎ ከተረከዝ እስከ ጉልበት ይለካል፤ ከዚያ ቁመቱ ይሰላል። የማስያ ቀመሮቹ ግን የወጡት ከሌላ አገር ሕዝብ ነው። የባት ዙሪያም ይረዳል፤ ኤምኤንኤ የሚባለው የታወቀው የአረጋውያን የምግብ እጥረት መጠይቅ ወሰን ያደረገው 31 ሴንቲ ሜትርን ነው። እግራቸው ያበጠ ሰው ላይ ግን ባት ይዋሻል።

ያው ኤምኤንኤ 18 ጥያቄዎች አሉት፣ ከ30 ይታረማል፣ ከ17 በታች ያገኘ ሰው የምግብ እጥረት አለበት ይባላል። ከጥያቄዎቹ አንዱ በየቀኑ ወተት ነክ ነገር ይወስዳሉ ወይ፣ ሥጋ ወይም ዓሣ በየቀኑ ይበላሉ ወይ ይላል። ሁዳዴን የሚጾሙ እናት ጋ ይዘሽው ሂጂና ምን እንደሚመልሱልሽ አስቢው። መጠይቁ መጥፎ አይደለም። ግን እንዳለ ተርጉሞ መበተን ጥናት አይባልም። ለእኛ ሰው እንደሚሠራ ማረጋገጥ ራሱ የወራት ሥራ ነው፤ ጥሩ ሥራም ነው።

የእጅ ጥንካሬን የሚለካው ዳይናሞሜትር ትንሽ መሣሪያ ነው፣ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሞ የወጣው የአውሮፓ ባለሙያዎች ስምምነት ለወንድ ከ27 ኪሎ፣ ለሴት ከ16 ኪሎ በታች ከሆነ ደካማ ነው ይላል። ዕድሜዋን ሙሉ እንሰት ስትፍቅ የኖረች የሲዳማ እናት እጅ ላይ ይህ ወሰን ይሠራል? እጇ ብርቱ ሆኖ እግሯ የከዳትስ? እኔ ብሆን ለመመረቂያ የምመርጠው ይህንን ነበር።

የወንበሩ ፈተና ደግሞ ከሁሉም ርካሽ ነው። እጅን ደረት ላይ አጣጥፎ ከወንበር አምስት ጊዜ መነሳትና መቀመጥ። ከ15 ሰከንድ በላይ ከፈጀ እግር ደክሟል። ሆኖም ቤቱ ያለው ሶፋ ይሰምጣል፣ በርጩማው ያጥራል፣ ዱካው ይወዛወዛል። ወንበሩ ሁሌ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ስለዚህ የራስሽን ወንበር ባጃጅ ላይ ጭነሽ ትዞሪያለሽ። የሰፈር ልጆች «ወንበር የምትሸጠው መጣች» ይሉሻል፤ ትለምጂዋለሽ።

የሚበላውን መጠየቅ ከሁሉም ይከብዳል። ባለፉት 24 ሰዓታት ምን በሉ ብለሽ ትጀምሪያለሽ። እጃቸውን ከትሪ የሚያነሱትን እንጀራ በምን ትለኪዋለሽ? ጉርሻውስ የማን ሒሳብ ላይ ይጻፋል? የሳምንቱ ነገርም አለ። በጾም የሰበሰብሽውና በፋሲካ ማግስት የሰበሰብሽው የሁለት የተለያዩ ሰዎች ይመስላል። በሲዳማ አዲስ ዓመት፣ በፍቼ ጫምበላላ ሳምንት ሄደሽ ቅቤ የጠገበ የቆጮ ቡርሳሜ እየተበላ ብትመዘግቢ «ሲዳማ ቅቤ አልተቸገረም» የሚል ወረቀት ታወጫለሽ።

ይሉኝታም አለ። ታቦር አካባቢ አንዲት እናት ምራታቸው አጠገባቸው ቁጭ ብላ «ኧረ ጠግቤ ነው የማድር፣ ምን ጎድሎብኝ» ሲሉ ነበር። ምራትየዋ ቡና ልትቀዳ ስትነሳ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ራት አይበሉም። ውሃም ከምሽቱ ጀምሮ አይጠጡም፤ ሌሊት ሽንት ሲያስነሳቸው ሽንት ቤቱ ከግቢው ጥግ ነው፣ ጨለማ ነው፣ አንዴ ወድቀዋል። ምራትየዋ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ አልነገሯትም እንጂ። ቅጹ ላይ «ራት፦ እንጀራ በወጥ» ተብሎ ሊሞላ ነበር። እርጅና የጥም ስሜትን ራሱ ይቀንሳል፤ በላዩ ላይ እንዲህ ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን አንቺ ታውቂዋለሽ። እና ቃለ መጠይቁን ለብቻ አድርጊ። ቡናው ይጠቅምሻል።

ላብን ጨርሶ አልናቅኩም። ለምሳሌ ቫይታሚን ቢ12ን ውሰጂ። ዕድሜ ሲገፋ በብዙ ሰው የጨጓራ አሲድ ይቀንሳል፤ ያኔ ቢ12ን ከምግቡ ውስጥ አላቆ መውሰድ ያቅታል። ቢ12 በተፈጥሮው ያለው ከእንስሳት በሚገኝ ምግብ ነው፤ የእኛ አረጋውያን ደግሞ ብዙ ይጾማሉ። ለስኳር ሜትፎርሚን የሚወስዱ ከሆነ እሱም ይቀንሰዋል። ሦስቱ አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ እግር መደንዘዝና መርሳት ይመጣል፣ ቤተሰቡም «አርጅተው ነው» ይላል። ይህን ለማረጋገጥ ደም ያስፈልጋል። ግን ብቻሽን አትሠሪውም። ከዚሁ ከሲዳማ ገጠር በነፍሰ ጡር እናቶች ላይ የተሠሩት የዚንክ ጥናቶች እ.ኤ.አ. በ2008 ገደማ በታወቁ መጽሔቶች ወጥተዋል። የተሠሩት ከአሜሪካና ከኒውዚላንድ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር በትብብር ነው። ላብ ያለው ሰው የሚፈልገው በሚገባ የተመረጠ ናሙና፣ በሚገባ የተያዘ ደምና የታመነ ዕድሜ ነው። እነሱን ይዘሽ ከሄድሽ ላብ ይገኛል። ናሙና ወደ ውጭ ሲላክ የስምምነት ሰነዱን አስቀድመሽ ጨርሺ፤ ወራት ሊፈጅ ይችላል።

ኬሚስትሪሽ ስለሚያሳስብሽ፦ በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ፋይቴት ዚንክና ብረትን እንዴት እንደሚይዝ፣ እንጀራው ሲቦካ ለምን እንደሚቀንስ መረዳት ይበቃሻል። ስታቲስቲክስሽ ደካማ ከሆነ ግን እሱ ነው የሚያስቸግርሽ። ከስታቲስቲክስ ሶፍትዌሮቹ ስታታም ሆነ አር፣ አንዱን አሁኑኑ ጀምሪ። አር ነፃ ነው። ዳታሽን ለሌላ ሰው ሰጥተሽ «ራን አድርግልኝ» የምትዪ ተመራማሪ አትሁኚ።

ትምህርቱን በተመለከተ ሩቅ መሄድ ግዴታ አይደለም። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ በሥነ ምግብ እስከ ሦስተኛ ዲግሪ ያስተምራል። ጅማና አዲስ አበባም አሉ። ሐዋሳ ላይ ግን አንድ ጠባይ እወቂ፤ የሥነ ምግብ ትምህርት ቤቱ ያለው ግብርና ኮሌጅ ነው፣ ሐኪሞቹ ያሉት ሪፈራል። የአንቺ ርዕስ ሁለቱንም ይፈልጋል። ከምዝገባ በፊት ከሁለቱም ግቢ አንድ አንድ አማካሪ አናግሪ። ማስተርሱ ሁለት፣ ፒኤችዲው አራት ዓመት ነው፤ በተግባር ይረዝማል፤ ብዙ ጊዜ የሚረዝመው በብር እጥረት ነው።

ብሩን በተመለከተ ጓደኞችሽ ያላዩትን ቀዳዳ ላሳይሽ። «እርጅና» የሚል ርዕስ ይዘሽ ከሄድሽ በሩ ጠባብ ነው። «ስኳርና ደም ግፊት» ብለሽ ከሄድሽ ሰፋ ይላል። ክትትል ክፍል ተሰልፈው የሚጠብቁት ሰዎች ግን አብዛኞቹ ያው አዛውንቶቹ ናቸው። በስኳር ስም ገብተሽ የወንበሩን ፈተና ጨምሪበት። ማታለል አይደለም፤ ስኳር ጡንቻንም ይነካል። ሥራ መቀጠርን ካልሽ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትና እርዳታ ድርጅቶች አሉ። ድርጅቶቹ ባብዛኛው የሚፈልጉት የሕፃናት ባለሙያ ነው። ሄልፕኤጅ ኢንተርናሽናልን የመሰሉ ለአረጋውያን የቆሙ ጥቂት ናቸው። እውነቱን ለመናገር ለተወሰኑ ዓመታት ደሞዝሽ ከሕፃናት ሥራ ይመጣል፣ የራስሽን ጥያቄ በጎን ይዘሽ ትሄጃለሽ። ሀብታም የሚያደርግ ሙያ ነው ብዬ አልዋሽሽም።

የሕፃናት ሥራሽን አትናቂው ደግሞ። ሆላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1944 እና 45 ክረምት በነበረው ርሃብ ጊዜ በእናታቸው ማህፀን የነበሩ ሰዎች ጎልማሳ ሲሆኑ ደማቸው ስኳርን መቆጣጠር አቅቶት ተገኝቷል። እኛ ጋ በ77ቱ ድርቅ የተወለዱት ልጆች በ2037 ዓ.ም. 60 ይሞላቸዋል። አንቺ ያኔ በሙያሽ የበሰልሽ ትሆኛለሽ። እነዚያን ሰዎች ከአሁኑ ጀምሮ መዝኖ፣ እየተከታተለ የሚጠብቃቸው ማነው? ኮሆርት፣ ማለትም ሰዎችን ለዓመታት የሚከታተል ጥናት፣ ለመጀመር ትዕግሥት እንጂ ብዙ ብር አያስፈልግም ብልሽ ዋሸሁ፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። በትንሹ ተጀምሮ ግን ያድጋል።

ውጭ መማር ከፈለግሽ የሆላንዱ ቫኸኒንገንና የቤልጅየሙ ጌንት ዩኒቨርሲቲዎች ከእኛ ሰው ጋር ብዙ ሠርተዋል፤ ለጀርመኑ ዳድ ስኮላርሺፕም መወዳደር ትችያለሽ። ለፕሮፌሰር የምትጽፊው ኢሜይል አጭር ይሁን። ስለ ራስሽ ሁለት መስመር፣ ጽሑፋቸውን አንብበሽ የመጣልሽን ጥያቄ ሁለት መስመር፣ ምን ዳታ እንዳለሽ አንድ መስመር። «ክቡር ሆይ፣ እጅግ በላቀ አክብሮት» የሚለውን ተይው፤ አያነቡትም። እናም ከተማርሽ በኋላ የምትመለሽበትን ጥያቄ ይዘሽ ሂጂ። አለዚያ የእነሱን አይጥ አጥንተሽ ትመጫለሽ፤ እዚህ ደግሞ ያ ማሽን የለም።

ለአሁን የምትጀምሪው ከጤና ጣቢያሽ ነው። ለክትትል የሚመጡ አዛውንቶችን ክብደት ማን ይወስዳል? ይመዘገባል? ካልተመዘገበ ለአገልግሎቱ ሲባል እንዲመዘገብ አድርጊ፤ ይህ የዕለት ሥራሽ አካል ነው። ለጥናት መሰብሰብ ግን ሌላ ነገር ነው። ኃላፊሽ «ችግር የለም፣ ሰብስቢ» ቢሉሽም አይበቃም። ፕሮፖዛሉ በኤቲክስ ኮሚቴ ይለፍ፣ እያንዳንዱ ሰው በሚገባው ቋንቋ ተነግሮት ይፈርም፣ መፈረም ለማይችል ምስክር ባለበት በጣት አሻራ ይሁን። ከዚያ በፊት የተሰበሰበውን ደህና መጽሔት አይቀበለውም፤ ከተሰበሰበ በኋላም የሚያጸድቅልሽ ኮሚቴ አታገኚም።